ምድር ቤት የሚበስል ቢራ

የእንግሊዝ የገጠር መጠጥ ቤት፣ ፐብ የሚሉት፣ ከውጭ ሲያዩት ከመኖሪያ ቤት ብዙም አይለይም። ዝቅ ያለ ጣሪያ፣ የድንጋይ ግድግዳ፣ እሳት የሚነድበት ምድጃ፣ ጥቂት አግዳሚ ወንበሮች። ዋናው ሥራ ያለው ግን ከጠጪዎቹ እግር ሥር፣ ምድር ቤቱ ውስጥ ነው። በርሜሎቹ እዚያ ተጋድመዋል፤ በውስጣቸው ያለው ኤል የተባለ ቢራ ገና አልረጋም።

ሪል ኤል የሚሉት ይህንን ነው። የሚጠመቀው እንደ ማንኛውም ቢራ ከብቅል፣ ከሆፕ፣ ከውኃና ከእርሾ ነው። ሲጫን ግን እርሾው በሕይወት አለ። እርሾው በርሜሉ ውስጥ ለሁለተኛ ጊዜ ያብላላዋል፤ ለስላሳ አረፋውም የሚመጣው ከዚያው ነው እንጂ ከውጭ ጋዝ አይጨመርበትም። ከአገራችን መጠጦች የሚቀርበው ጠላ ነው፤ እሱም አተላው ሳይዘቅጥ ከተናወጠ ይደፈርሳል።

ስለዚህ የጠማቂውን ሥራ የሚጨርሰው ባለፐቡ ነው። በርሜሉን ሳይነካካ ያሳርፈዋል። ትርፍ ጋዙ እንዲተነፍስ ከላይ ባለው ቀዳዳ አየር የሚያሳልፍ የእንጨት ውታፍ ይሰካበታል፤ ሲረጋ በጠንካራ ውታፍ ይለውጠዋል። ምድር ቤቱም ከ11 እስከ 13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቆየት አለበት። በርሜሉ አንዴ መቀዳት ከጀመረ አየር ስለሚገባው በሦስት ቀን ገደማ ማለቅ ይኖርበታል። የተለመደው ትንሽ በርሜል 72 ፓይንት፣ ማለትም 41 ሊትር ያህል ይይዛል፤ ለአንዲት መንደር ይህ ቀላል አይደለም። ብዙ ዓይነት ከሚደረድር ፐብ ሁለት ሦስቱን በወጉ የሚይዘውን የማስበልጠው ለዚህ ነው።

ትልልቆቹ ጠማቂዎች ተጣርቶ በጋዝ ግፊት የሚቀዳ፣ ብዙ የሚቆይ ቢራ ሲያስፋፉ ይህ ሙያ ሊጠፋ ተቃርቦ ነበር። ካምራ የተባለው የጠጪዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1971 የተመሠረተው ሪል ኤልን ለመታደግ ነው። ይሁንና ፐቡ ከተዘጋ ቢራው የሚበስልበት ቦታ የለም። በሰሜን እንግሊዝ፣ ከምብሪያ ውስጥ የምትገኘው የሄስኬት ኒውማርኬት መንደር ይህን ተረድታለች። ኦልድ ክራውን ከተባለው ፐቧ ጀርባ ባለ ጎተራ በ1988 ጠመቃ ተጀመረ፤ ለቢራዎቹም እንደ ስኪዶው ያሉ የአካባቢው ተራሮች ስም ወጣላቸው። በ2003 ደግሞ ነዋሪዎችና ወዳጆቻቸው ገንዘብ አዋጥተው ፐቡን በኅብረት ሥራ ማኅበር ገዙት። ከአንድ ባለሀብት ቸርነት ይልቅ እንዲህ ያለው መዋጮ የበለጠ ያስተማምነኛል።

ብሪታንያ የምትኖሩ ወይም የምትሄዱ፣ ወደ ገጠር ስትወጡ እንዲህ ያለ ፐብ ጎራ በሉ። አስተናጋጅ አትጠብቁ፤ ባንኮኒው ጋ ሄዳችሁ እዘዙ፣ እዚያው ክፈሉ። ረጅም እጀታ ባለው የእጅ ፓምፕ ከሚቀዳው ግማሽ ፓይንት ጠይቁ። እንደ በረዶ አይቀዘቅዝም፤ ጣዕሙ የሚገለጠውም በዚያ ልኩ ነው። ኮምጣጤ ኮምጣጤ ካላችሁ ግን መልሱት፤ ደህና ፐብ ያለ ክርክር ይለውጥላችኋል።