ፈንድሻ በድስት፦ እንዴት ይፈካል፣ ምን ይጨመርበታል፣ ለማንስ አይሰጥም?

በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ ከምትጠይቁኝ አንዱ «ዶክተር፣ ፈንድሻ ለጤና ጥሩ ነው ወይስ ዝም ብሎ ሆድ መሙያ ነው?» የሚል ነው። ጠያቂዎቹ ብዙዎቹ ስኳር ወይም ደም ግፊት ያለባቸው፣ ክብደት ለመቀነስ የሚሞክሩ፣ አለዚያም ትንንሽ ልጆች ያሏቸው ወላጆች ናቸው። አጭሩ መልስ ይኸውላችሁ፦ በቆሎው ራሱ በጣም ጥሩ ምግብ ነው። የሚያበላሸው እኛ ድስቱ ውስጥ የምንጨምርበት ነገር ነው። ለትንንሽ ልጆች ግን የቱንም ያህል በጥንቃቄ ቢሠራ አይሰጥም፤ ይሄንን ወደታች በሰፊው እመለስበታለሁ፣ እባካችሁ ሳታነቡት እንዳትዘጉት።

መጀመሪያ ስለ በቆሎው። ፈንድሻ ሙሉ እህል ነው፤ አልተፈተገም፣ አልተነፋም፣ ገለባው አብሮት አለ። ያለ ዘይት የፈካ ሦስት ኩባያ ፈንድሻ 24 ግራም ያህል ይመዝናል፤ በውስጡ ወደ 90 ካሎሪና 3.5 ግራም አሰር (ፋይበር) አለው። ሦስት ኩባያ ማለት እኮ ጎድጓዳ ሳህን ሙሉ ነው! በዚያው ካሎሪ ብስኩት እንብላ ብንል ሁለት ወይም ሦስት ፍሬ በልተን ማቆም አለብን። በጾም ወቅትም ሆነ ከሰዓት በኋላ ረሃብ ሲሞረሙር ከጣፋጭ ነገር ይልቅ ፈንድሻ ብሉ የምለው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ምድጃው። ፈንድሻ ለምን እንደሚፈነዳ ከገባችሁ አሠራሩ በራሱ ይገባችኋል። እያንዳንዷ ፍሬ ውስጥ ትንሽ ውሃ አለ፣ ከክብደቷ 14 በመቶ ገደማ። ገለባዋ ደግሞ ጠንካራና እንፋሎት የማያሳልፍ ነው። ስትሞቅ ውስጧ ያለው ውሃ ወደ እንፋሎት ሊለወጥ ይፈልጋል፣ መውጫ ግን የለውም፤ ልክ ክዳኑ እንደተቆለፈ ፕሬዠር ድስት ማለት ነው። ሙቀቱ 180 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ግፊቱ ከውጪው አየር ዘጠኝ እጥፍ ያህል ይሆናል። በዚህ ጊዜ ገለባው ይተረተራል፣ በሙቀቱ የለሰለሰው ስታርች እንደ አረፋ ይነፋና ወዲያው ቀዝቅዞ ይደርቃል። ነጩ አበባ የሚመስለው እሱ ነው። የቂጣ በቆሎ እንደዚህ የማይፈካው ገለባው ይህን ግፊት ስለማይችል ነው፤ ስለዚህ ስትገዙ የፈንድሻ በቆሎ መሆኑን አረጋግጡ።

ከዚህ የምንረዳው ምንድን ነው? ፍሬዋ ከደረቀች አትፈነዳም። ጆንያው ተከፍቶ ለወራት አየር ላይ የቆየ በቆሎ ገዝታችሁ ግማሹ ድስቱ ስር ጠጥሮ ከቀረ የእናንተ ሙያ አይደለም፣ ውሃው ተኖ ነው። መፍትሔ አለው። ግማሽ ኪሎ የሚሆን በቆሎ ክዳኑ በደንብ በሚገጥም ማሰሮ ወይም የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ አድርጉ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ውሃ ጨምሩ፣ ዘግታችሁ ናጡትና ለሁለት ሦስት ቀን አስቀምጡት። በየቀኑ አንዴ ናጥ ናጥ ማድረግ ነው። ከዚያ በኋላም ዘግታችሁ ነው ማስቀመጥ ያለባችሁ። ውሃው ከተጠቀሰው በላይ ከሆነ ግን ይሻግታልና በልክ!

ለአንድ ቤተሰብ ግማሽ ኩባያ በቆሎ (100 ግራም ያህል) ይበቃል፤ ሲፈካ ወደ 12 ኩባያ ይሆናል። ሰፊና ታችኛው ወፍራም የሆነ ድስት ምረጡ። ስስ ድስት አንዱን ጎን አሳርሮ ሌላውን ጥሬ ይተዋል። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት አድርጉ፣ ሦስት ፍሬ በቆሎ ብቻ ጣሉበት፣ ክደኑ፣ እሳቱ መካከለኛ ይሁን። ሦስቱም ጧ ጧ ብለው ሲፈነዱ ዘይቱ ደረሰ ማለት ነው፤ ቴርሞሜትር አያስፈልጋችሁም። እነሱን አውጡና የቀረውን በቆሎ ጨምሩ፣ ክደኑና ድስቱን ከእሳቱ ላይ አውርዱት። አዎ፣ አውርዱት። በልባችሁ እስከ 30 ቁጠሩ። በዚህ ጊዜ ሁሉም ፍሬ እኩል ይሞቃል፤ ተመልሶ እሳት ላይ ሲወጣ ቀዳሚና ኋላ ቀር ሳይኖር አንድ ላይ ይፈነዳል። ቀድሞ የፈካው የሌላውን ተራ ሲጠብቅ አያርርም።

መፈንዳት ሲጀምር ድስቱን በጆሮዎቹ ይዛችሁ ወዝወዝ አድርጉ፣ ክዳኑን ደግሞ በጣም ትንሽ ከፈት አድርጉት፤ ክፍተቱ ወደ ፊታችሁ እንዳይዞር። እንፋሎቱ መውጫ ካጣ ተመልሶ ፈንድሻው ላይ ይቀመጥና እንደ ላስቲክ የሚሳብ ያደርገዋል። «የኔ ለምን ኮሽ ኮሽ አይልም?» ለሚሉ ሁሉ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይሄው ነው። በአንዱና በሚቀጥለው ፍንዳታ መካከል ሁለት ሦስት ሰከንድ ዝምታ ስትሰሙ በቃ፣ አውርዱና ወዲያው ሰፊ ሳህን ላይ ገልብጡት። የቀሩት ጥቂት ፍሬዎች እንዲፈነዱ ብላችሁ ብትጠብቁ የፈካውን ታሳርሩታላችሁ። (በነገራችን ላይ ዘይቱ እሳት ከያዘ ውሃ እንዳትደፉበት! ምድጃውን አጥፍታችሁ ክዳኑን ግጠሙበት፣ ድስቱን ደግሞ አታንቀሳቅሱት።)

ዘይቱን ሁለት ማንኪያ ያልኩት በስስት አይደለም። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ የትኛውም ዓይነት ይሁን፣ ወደ 120 ካሎሪ አለው። ሦስት ማንኪያ ካደረጋችሁ 360 ሆነ፤ ይሄ ከ100 ግራሙ በቆሎ ራሱ ካሎሪ ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። ዓይነቱም ለውጥ ያመጣል። በብርድ ጠዋት ጀሪካኑ ውስጥ የሚረጋው የፓልም ዘይት ግማሹ ያህል ሳቹሬትድ ስብ ነው፣ መጥፎውን ኮሌስትሮል ከፍ የሚያደርገው ማለት ነው፤ የሱፍ ዘይት ውስጥ ግን ይህ ስብ ከመቶ 10 ገደማ ነው። ስለዚህ አቅም በፈቀደ የሱፍ፣ ካልሆነም የነበረውን ዘይት አሳንሶ መጠቀም። አንዴ የተጠበሰበትን ዘይት ለፈንድሻ መመለስ ግን ይቅር። ቅቤ ለሚወዱ፦ ከፈካ በኋላ አንድ የሻይ ማንኪያ የቀለጠ ንጥር ቅቤ ከላይ ጠብ ጠብ ማድረግ ለሽታው ይበቃል፣ ለማፍያ አያስፈልግም።

ጨው ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ዘዴ አለ። ደቃቅ ጨው ፈንድሻው ላይ ይጣበቃል፣ ሻካራው ግን ወደ ሳህኑ ታች ይወርዳል፤ ያኔ «አልጨወም» ብለን እንደገና እንጨምራለን። አዮዲን ያለውን ጨው በሙቀጫ ወይም በቡና መፍጫ አልሙትና ፈንድሻው ትኩስ እያለ ከከፍታ በተኑት። በፊት ከምትጠቀሙት በግማሹ የጠገበ ጣዕም ታገኛላችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ነው፤ አንድ ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ እንኳ የማይሞላ፣ ወጡ ውስጥ ያለውን፣ ዳቦው ውስጥ ያለውን ሁሉ ጨምሮ። ደም ግፊት ያለባችሁ፣ ጨውን ትታችሁ ትንሽ በርበሬ ወይም የተፈጨ ኮረሪማ ሞክሩ። እኔ ቤት ኮረሪማው አሸንፏል።

ስኳርስ? እዚህ ላይ ከእናቶቻችን ጋር እንዳንጣላ እፈራለሁ፤ ፈንድሻ ያለ ስኳር አይሆንም የሚሉ አሉና። ስኳር ወደ ቡናማነት መለወጥ የሚጀምረው በቆሎው ከሚፈነዳበት ሙቀት ቀደም ብሎ ነው፤ ከመጀመሪያው ከዘይቱ ጋር ከገባ መሯል፣ ድስቱንም ለማጠብ መከራ ነው። የግድ ከሆነ መፈንዳቱ ሲያበቃ፣ ድስቱ ገና ትኩስ እያለ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ በትናችሁ ወዝውዙት። ስኳር ህመም ያለባችሁ ግን ይህን እለፉት። ያለ ስኳርም ቢሆን ሦስት ኩባያ ፈንድሻ 19 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት አለው፤ ከእንጀራችሁና ከዳቦአችሁ ጋር የሚደመር ነው እንጂ ነፃ ምግብ አይደለም። ከቡናው ጋር ደግሞ ሦስት ስኒ በስኳር ከጠጣችሁ ፈንድሻውን ብቻ መውቀስ አይቻልም።

ጨጓራ ያለባችሁ ብዙዎቻችሁ ፈንድሻ ትፈራላችሁ። አብዛኛውን ጊዜ የሚያቃጥለው ሚጥሚጣው ወይም በባዶ ሆድ የተጠጣው ቡና ነው። ሳትቀምሙ ትንሽ ሞክሩ፤ ከተስማማችሁ ብሉ፣ ካልተስማማችሁ ተዉት። ጥርስን በተመለከተ አንድ ቃል፦ ከሳህኑ ስር የቀሩትን ያልፈኩ ፍሬዎች አትቆርጥሙ፣ ጥርስ ይሰብራሉ። በድድና በጥርስ መካከል የገባች የገለባ ስባሪም ካልወጣች ድዱን ታሳብጣለች፤ በክር አውጧት፣ በመርፌ አትነካኩት።

በማይክሮዌቭ ስለሚሠራው የታሸገ ፈንድሻ ውጭ አገር ያላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። በ2000 አሜሪካ፣ ሚዙሪ ውስጥ በአንድ የፈንድሻ ፋብሪካ የሠሩ ሰዎች ላይ ከባድ የሳንባ በሽታ ተገኝቶ ነበር፤ ምክንያቱ ዳይአሴቲል የተባለው የቅቤ ጣዕም ማጣፈጫ ትነት ነው። የታመሙት ትነቱን በሥራ ቦታ ለረዥም ጊዜ የተነፈሱት ናቸው፣ ቤቱ አልፎ አልፎ የሚበላ ሰው በዚያ ልክ አይጋለጥም። ቢሆንም በድስት የሠራችሁት ውስጥ ያለውን የምታውቁት እናንተ ናችሁ፣ ዋጋውም ያንሳል።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ። ከ4 ዓመት በታች ላለ ልጅ ፈንድሻ አይሰጥም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር የሚመክረውም ይህንኑ ነው፤ ኦቾሎኒና ቆሎም እዚያው ውስጥ ይገባሉ። ምክንያቱ ይሄ ነው፦ የትንሽ ልጅ የመንጋጋ ጥርስ ገና አልተሟላም፣ አላምጦ ማድቀቅ አይችልም። የአየር ቧንቧው ደግሞ ጠባብ ነው። ፈንድሻ ቀላል ስለሆነ ልጁ ሲስቅ፣ ሲያለቅስ ወይም ሲሮጥ በአንድ ትንፋሽ ወደ ውስጥ ይሳባል።

በእኛ ቤት ደግሞ አደጋው ሳህኑ ላይ ብቻ አይደለም። ለበዓል ቡና ሲፈላ ቄጠማ ይጎዘጎዛል፣ ፈንድሻ ይበተናል፤ ያምራል፣ ደስ ይላል። ግን መሬት ላይ ያለ ነገር ሁሉ የማን ነው? የሚድኸው ልጅ ነው! ትልቁ ሰው በወሬ ተጠምዷል፣ ልጁ ከቄጠማው መሃል አንድ በአንድ እየለቀመ ነው። አንዴ ሦስት ሳምንት የሳለ የሁለት ዓመት ልጅ መጣልኝ። ሽሮፕ ተሰጥቶታል፣ አንቲባዮቲክ ተሰጥቶታል፣ ሳሉ ግን አልለቀቀም። ደረቱን ሳዳምጥ የቀኙ ትንፋሽ ከግራው ያነሰ ነው። እናትየውን «ሳሉ የጀመረበትን ቀን ታስታውሺዋለሽ?» አልኳት። «በበዓሉ ቀን ቡና ላይ ትን ብሎት ነበር፣ ግን ወዲያው ተወው» አለችኝ። በብሮንኮስኮፒ ሲታይ የፈንድሻ ቁራጭ ተቀርቅሮ ነበር። ወጣለት፣ ዳነ።

«ወዲያው ተወው» የሚለው ነው የሚያታልለው። ትን ካለው በኋላ ሳሉ ጋብ ሊል፣ ልጁም ሊጫወት ይችላል፤ ቁራጩ ግን ወደ አንዱ ሳንባ ወርዶ ተቀምጦ ይሆናል። ቆይቶ የማይለቅ ሳል፣ ሲር ሲር የሚል ትንፋሽ ወይም ተደጋጋሚ የሳንባ ምች ይከተላል። ፈንድሻ በራጅ ላይ አይታይም፤ ስለዚህ «ራጁ ንጹህ ነው» መባሉ ብቻ በቂ መልስ አይደለም።

ልጁ ትን ቢለው ምን ታደርጋላችሁ? ድምፅ አውጥቶ የሚስል ከሆነ ይሳል፣ አበረታቱት፤ ውሃ አታጠጡት፣ የማይታያችሁን ነገር ለማውጣትም ጣት ጉሮሮው ውስጥ አትክተቱ፣ ይበልጥ ትገፉታላችሁ። መሳል ካቃተው፣ ድምፁ ከጠፋ ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ አንድ ሰው አምቡላንስ ይጥራ፣ እናንተ ጀምሩ። ከአንድ ዓመት በታች ከሆነ በክንዳችሁ ላይ በደረቱ አስተኙት፣ ጭንቅላቱ ከሰውነቱ ዝቅ ይበል፣ በመዳፋችሁ ተረከዝ በትከሻዎቹ መካከል 5 ጊዜ ምቱት። ካልወጣ በጀርባው ገልብጣችሁ በአንድ እጃችሁ መዳፍ ተረከዝ የደረቱን መሃል 5 ጊዜ ተጫኑ። ከአንድ ዓመት በላይ ከሆነ ወደ ፊት አጎንብሳችሁት ጀርባውን 5 ጊዜ ምቱ፤ ካልወጣ ከኋላው ሆናችሁ ከእምብርቱ ከፍ ብሎ በጨበጣችሁት እጅ ወደ ውስጥና ወደ ላይ 5 ጊዜ ግፉ። እስኪወጣ እያፈራረቃችሁ ቀጥሉ። ራሱን ከሳተ ጠንካራ ወለል ላይ አስተኝታችሁ ልብና ትንፋሽ የማስቀጠል እርዳታ ጀምሩ።

ቁራጩ ሲወጣ ካላያችሁ፣ ወይም ሳሉ ከቀጠለ፣ ልጁ ደህና ቢመስልም በዚያው ቀን የልጆች ሐኪም ጋ ውሰዱት። እዚያ ስትደርሱ ስለ ሳሉ ብቻ አታውሩ፤ «ፈንድሻ እየበላ ትን ብሎታል» በሉ፣ ቀኑንም ንገሩ።