ክምሩ ቀዘቀዘ እንጂ አልደረሰም

በየስልኩ የሚዞረው ምክር አንድ ዓይነት ነው፦ የወጥ ቤት ልጣጭና ፍግ ክመሩ፣ በየሁለት ቀኑ አገላብጡ፣ በ18ኛው ቀን ሲቀዘቅዝ የአበባ ማሰሯችሁን ሞልታችሁ ትከሉበት። ከጎሮ እስከ አያት፣ ከገርጂ እስከ ቡልቡላ በኮንዶሚኒየም በረንዳዎች ላይ ቅጠሉ ቢጫ የሆነ ቃሪያ፣ ጫፉ የተቃጠለ ቆስጣ፣ አንድ ወር ሙሉ ባለበት የቆመ ቲማቲም ስታዩ፣ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የውሃም የፀሐይም አይደለም። የተተከለው ባልደረሰ አፈር ላይ ነው። ተካዩ ግን ይህን የሚነግረው ስለሌለ «እጄ ለአትክልት አይሆንም» ብሎ ይተወዋል። ሌላው ደግሞ «የተፈጥሮ ማዳበሪያ ወሬ ብቻ ነው» እያለ ያወራል። ሁለቱም ተሳስተዋል፤ ያሳሳታቸው ግን ምክሩ ነው።

የተፈጥሮ ማዳበሪያ ወሬ አለመሆኑ በአገራችን ከታየ ቆይቷል። በዶ/ር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔርና በሱ ኤድዋርድስ የሚታወቀው የዘላቂ ልማት ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ1996 በትግራይ ከገበሬዎች ጋር የብስባሽ ሥራ ሲጀምር፣ ብስባሽ ያገኘው ማሳ ምንም ካልተደረገበት ማሳ በግልጽ የተሻለ ምርት ሰጥቷል። ነገር ግን ያ ብስባሽ በ18 ቀን የተዘጋጀ አልነበረም። ለገበሬው የተመከረው ክረምቱ ሲወጣ፣ አረንጓዴው ሳይደርቅ እንዲከምርና ለሚቀጥለው ዘር እንዲያደርሰው ነበር። በመሃል ወራት አሉ።

የ18 ቀኑም ነገር ቢሆን ከባዶ የመጣ አይደለም። በካሊፎርኒያ የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የዕፅዋት በሽታ ተመራማሪ የነበሩት ሮበርት ራብ ያስተዋወቁት ፈጣን አሠራር ከ2 እስከ 3 ሳምንት ይወስዳል። ቅድመ ሁኔታው ግን ከምክሩ ውስጥ ተቆርጦ ወጥቷል። ክምሩ በርዝመቱም በወርዱም በከፍታውም ከ90 ሳንቲ ሜትር ማነስ የለበትም፤ የሚገባበት ሁሉ ከ4 ሳንቲ ሜትር ባልበለጠ ልክ መከተፍ አለበት፤ በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ ይገለበጣል። በ20 ሊትር ባልዲ የተጠራቀመ ልጣጭ አንዱንም አያሟላም። ደግሞም በዚህ ፍጥነት የተሠራ ብስባሽ የሚስማማው ለመደብ ነው። መደብ ላይ ሥሩ ያልተመቸውን ቦታ ትቶ ወደ ጎን ይሄዳል። ማሰሮ ውስጥ ያለ ሥር ግን መሄጃ የለውም፤ የተሰጠውን ይበላል፣ የተሰጠውን ይተነፍሳል።

የአከማመሩን መሠረት አልደግመውም፤ ደረቁና እርጥቡ መፈራረቁን፣ በእጅ ሲጨመቅ ጠብታ ብቻ መውጣቱን፣ አየር ማስፈለጉን የማያውቅ ጥቂት ነው። ስለ ሳጋቱራ ብቻ አንድ ነገር ልበል። ከእንጨት ቤት የምታመጡት ሳጋቱራ ከኤምዲኤፍ ወይም ከችፑድ የወጣ ከሆነ ሙጫ አለበትና ተዉት። ንጹሕ የእንጨት ሳጋቱራም ቢሆን ከ400 እጅ በላይ ካርቦን ለአንድ እጅ ናይትሮጅን የያዘ ነው፤ ለክምር የሚፈለገው 30 ለ1 ገደማ ነው። የቡና አተላ በራሱ 20 ለ1 አካባቢ ስለሆነ እርጥብ ከሚባለው ወገን ይቆጠራል፣ ቀለሙ አያታልላችሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ክምሩ ሲሞቅ፣ ማለትም ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ሲደርስ፣ ሙቀት ወዳድ ባክቴሪያዎች ስኳሩን፣ ስታርቹንና ፕሮቲኑን በጥድፊያ ይበላሉ። ከፕሮቲኑ የሚተርፈው ናይትሮጅን አሞኒያ ሆኖ ይወጣል፤ ክምር ስትገልጡ አፍንጫ የሚሰነፍጠው እሱ ነው። ፒኤቹ ከ8 በላይ ይወጣል። አየር ያልደረሰበት የክምሩ ሆድ ውስጥ ደግሞ አሴቲክና መሰል አሲዶች ይጠራቀማሉ። አሞኒያውም አሲዱም ለጋ ሥር ይገድላሉ። ከዚያ ቀላሉ ምግብ ሲያልቅ ክምሩ ይቀዘቅዛል። መቀዝቀዙ የሚነግረን ይህንኑ ብቻ ነው። ሊጥ ኩፍ ስላለ እንጀራ ሆኗል የሚል የለም፤ ለብስባሽ ሲሆን ግን ሁሉም ይቸኩላል።

ከመቀዝቀዙ በኋላ ያለው ጊዜ፣ እኔ ማሳረፍ የምለው፣ የዝምታ ጊዜ ይመስላል። ጢስ የለም፣ ሙቀት የለም፣ የሚታይ ለውጥ የለም። ዋናው ኬሚስትሪ የሚካሄደው ግን በዚህ ጊዜ ነው። አሞኒየም በመጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎ ወደ ናይትሬት ይለወጣል። ናይትሬት አብዛኞቹ አትክልቶች በደስታ የሚወስዱት የናይትሮጅን መልክ ነው፤ መካከለኛው ናይትራይት ግን ራሱ መርዝ ስለሆነ፣ ግማሽ መንገድ ላይ ያለ ብስባሽ ገና ካልተጀመረው አይሻልም። ለውጡ ሃይድሮጅን አዮን ስለሚለቅ ፒኤቹም ወደ 7 ይወርዳል፣ የተረፈውን የአሞኒያ ጋዝ ያስራል። አንዱ ሥራ ሁለት ችግር ይፈታል።

ይህ ለውጥ የሕያዋን ሥራ መሆኑ የታወቀበት ሙከራ ከ18 ቀኑ ምክር ጋር ሳነጻጽረው ሁሌም ይገርመኛል። እ.ኤ.አ. በ1877 ሽሎዚንግና ሙንትዝ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን የፍሳሽ ውሃ በአሸዋና በኖራ ድንጋይ ዓምድ ውስጥ ቀስ እያለ እንዲያልፍ አደረጉ። ለ20 ቀን ያህል አሞኒያው እንደገባ ወጣ። ከዚያ በኋላ ናይትሬት መታየት ጀመረ፣ አሞኒያውም ጠፋ። ክሎሮፎርም ሲጨምሩበት ሥራው ቀጥ አለ፤ ኬሚካል ብቻውን ቢሆን ኖሮ በክሎሮፎርም ባልቆመ። ያ 20 ቀን ባክቴሪያዎቹ እስኪበዙ የፈጀው ጊዜ ነው። ከ1890 አካባቢ ጀምሮ ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ ለይቶ ያወጣቸው እነዚህ ፍጥረታት ምግባቸው አሞኒያ ራሱ ስለሆነ የሚያገኙት ኃይል ጥቂት ነው። ሌላ ባክቴሪያ በተመቸው ጊዜ በ20 ደቂቃ እጥፍ ሲሆን፣ እነሱ ከብዙ ሰዓት እስከ አንድ ቀንና ከዚያም በላይ ይፈጅባቸዋል። ከ40 ዲግሪ በላይ አብዛኞቹ አይሠሩም፤ ስለዚህ በሞቀው ክምር ውስጥ ሥራቸውን ሊጀምሩ እንኳ አይችሉም። በ18ኛው ቀን የቀዘቀዘ ክምር ለእነሱ መጀመሪያቸው ነው።

ኦክስጅንም ይፈልጋሉ። አንድ ግራም ናይትሮጅን ከአሞኒየም ወደ ናይትሬት ለማድረስ 4.5 ግራም ገደማ ኦክስጅን ይጠፋል። ይህ ሥራ ክምሩ ውስጥ ካለቀ ማንም አይጎዳም። ማሰሮ ውስጥ ከተካሄደ ግን ኦክስጅኑ የሚወሰደው ከሥሩ ነው። ያልተበላ ጭድና ሳጋቱራ አብሮ ከገባማ ደቂቅ ፍጥረታቱ እሱን ለመብላት ከተክሉ ላይ ናይትሮጅን ይነጥቃሉ፤ ያ ቢጫ ቃሪያ ከዚህ ይመጣል። ሰዉ ይህን አይቶ ዩሪያ ይጨምርበታል፣ ጨውና አሞኒያ በላይ በላዩ ይከመራል።

የከሰል አመድም እዚህ ላይ ይነሳል። ብዙ ቤት አመዱን ትኩስ ክምር ላይ ይደፋል፣ ሽታ ይቀንሳል እየተባለ። አመድ ፒኤች ከፍ ያደርጋል፤ ፒኤች ከ9 ሲያልፍ ከአሞኒየሙ ትልቁ ድርሻ ጋዝ ይሆንና ወደ ሰማይ ይሄዳል። ሽታው የሚቀንሰው ናይትሮጅናችሁ ካለቀ በኋላ ነው። አመድ ካስፈለገ ካረፈ ብስባሽ ጋር በእፍኝ ይጨመር።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ የሚሹ ነገሮች አሉ፤ መስኩ ራሱ እየተከራከረባቸው ነው። የድሮ መጻሕፍት ሥራውን ናይትሮሶሞናስና ናይትሮባክተር ለተባሉ ሁለት ወገኖች ያከፋፍላሉ። እ.ኤ.አ. በ2005 አርኬያ የተባሉት ፍጥረታትም አሞኒያ እንደሚያቃጥሉ ታወቀ፤ በ2015 ደግሞ ሁለቱንም ደረጃ ብቻውን የሚፈጽም ናይትሮስፓይራ ተገኘ። በአንድ ክምር ውስጥ ማን ምን ያህል እንደሚሠራ እንደ ጥሬው፣ እንደ ሙቀቱና እንደ አሞኒያው መጠን ይለያያል፤ «ይህ ባክቴሪያ የተጨመረበት» ተብሎ በጠርሙስ የሚሸጥ ነገር ላይ ገንዘብ ከማውጣት ያረፈ ብስባሽ አንድ አካፋ መጨመር የሚበጅ ይመስለኛል። ስለ ሁመስም እንዲሁ። በማሳረፍ ጊዜ ሁመስ የሚባል ግዙፍና ዘላቂ ሞለኪውል ይሠራል ተብለን ተምረናል። ሌማንና ክሌበር እ.ኤ.አ. በ2015 ኔቸር ላይ ባሳተሙት ጽሑፍ፣ አፈር ውስጥ ያለው ተረፈ ሕይወት በየደረጃው የሚፈርስ ድብልቅ እንጂ እንዲህ ያለ ልዩ ውህድ አይደለም ብለው ተከራከሩ። እኔ ወደ እነሱ አደላለሁ፤ የቀድሞውን የሚደግፉ ከባድ ሳይንቲስቶች ግን አሁንም አሉ። ክርክሩ በየትኛውም መንገድ ቢያልቅ የማሳረፉ አስፈላጊነት አይነካም።

ከፍታችንም ሰበብ ይደረጋል። የቦሌ አየር ማረፊያ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። «ኦክስጅን ስለሚሳሳ ክምር አይሠራልንም» የሚሉ አሉ። አየር ሲሳሳ ግን ጋዝ በቀዳዳዎች ውስጥ በዚያው ልክ ፈጥኖ ይሰርጻል፤ የጎደለውን ፍጥነቱ ያካክሰዋል። ባክቴሪያዎቹ በሚኖሩበት የውሃ ስስ ሽፋን ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅን ስለሚቀንስ ማካካሻው ሙሉ ነው አልልም። የእኛ እውነተኛ ችግር ግን ሌላ ነው፦ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፣ የበጋውም ነፋስ ክምሩን ያደርቃል። ያረፈ ክምር ከቀዘቀዘና ከደረቀ ባክቴሪያዎቹ ሥራ ያቆማሉ። ስለዚህ በማሳረፍ ጊዜም እርጥበቱን መጠበቅ አለባችሁ፤ ለማሰሮ የሚሆን ብስባሽ በእኛ አየር ከቀዘቀዘ በኋላ 3 ወር ቢያርፍ መልካም ነው።

መድረሱን በቀለምና በሽታ ብቻ ማወቅ አይቻልም። መመዘኛው እያንዳንዳችሁ ወጥ ቤት ውስጥ አለ፦ ፌጦ። ጣሊያናዊው ዙኮኒና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1981 ያልደረሰ ብስባሽን መርዛማነት ለመለካት የመረጡት ዘር ይኸው ነው፤ ቶሎ ይበቅላል፣ በትንሽ አሞኒያና አሲድም ይጎዳል። አንድ እጅ ብስባሽ በአሥር እጅ ውሃ ዘፍዝፋችሁ ከጥቂት ሰዓት በኋላ በጨርቅ አጥልሉት። በአንድ ሳህን ላይ ሶፍት አንጥፋችሁ በዚህ ውሃ አርሱት፣ በሌላው በንጹሕ ውሃ፤ በእያንዳንዱ ላይ 20 ፌጦ ዝሩና ክደኑት። ዘሩ ወዲያው የሚያሟልጭ ሽፋን ያወጣል፤ ያ ጤናማ ነው። በ48 ሰዓት የበቀሉትን ቁጠሩ፣ ሥራቸውን በማስመሪያ ለኩ። በውሃው ሳህን 20ም በቅለው ሥራቸው በአማካይ 20 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ በብስባሹ ሳህን ደግሞ 18 በቅለው 15 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ 0.9 ሲባዛ በ0.75 ወደ 68 በመቶ ይሆናል። ከ80 በላይ ከሆነ ትከሉ። ከ50 በታች ከሆነ መርዙ ገና አለ። ሥሩን ቀረብ አድርጋችሁ ተመልከቱ፦ ጤነኛው ነጭና ጭገር ያለበት ነው፤ የተጎዳው አጭር፣ ራሰ በራ፣ ጫፉ ቡናማ።

ማሳረፍ የማያስተካክላቸውም አሉ። የወስፋት እንቁላል የሚሞተው በሙቀት ነው፤ ክምሩ ሁሉ በየተራ 55 ዲግሪ ላይ ቢያንስ 3 ቀን መቆየት አለበት፤ ባልዲ ደግሞ እዚያ አይደርስም። ፍግ በባልዲ የምታበሰብሱ ከሆነ ለአበባ አድርጉት እንጂ ጥሬውን ለሚበላ ሰላጣ አታድርጉት። ከአቃቂና ከገባሮቹ ወንዞች ዳር የሚዛቅ አፈርም ይቅር፤ ከፋብሪካና ከጋራዥ የመጣ ክሮምና እርሳስ በባክቴሪያ አይጠፋም። ከእንጦጦ ጫካ በማዳበሪያ ከረጢት የሚወርደውን የደን አፈር መግዛትም ተራራውን ማራቆት ነው።

ድልድሉ ቀላል ነው፦ አንድ እጅ ያረፈ ብስባሽ፣ አንድ እጅ አፈር፣ አንድ እጅ ሬድ አሽ። ብስባሹ ከሲሶ አይለፍ፤ ጨው አለበት። ሬድ አሹ ለብሎኬትና ለሙሌት የሚመጣው ነው፤ በወንፊት ነፍታችሁ ዱቄቱን ጣሉ፣ አተር የሚያክለውን አስቀሩ። የምሥራቅ አዲስ አበባ ሜዳ አብዛኛው መረሬ ነው፤ ሲደርቅ ይኮማተርና ከማሰሮው ግድግዳ ይላቀቃል፣ ውሃው በጎን ይወርዳል፣ መሃሉ ደረቅ ይቀራል። መረሬ ብቻ ካላችሁ ግማሽ እጅ ይበቃል፤ የቀረውን በሬድ አሽ ተኩት። ከአዲስ ሕንፃ ሥር የተዛቀ ከሆነ ሲሚንቶና ኖራ እንደሌለበት እዩ፤ ፒኤች ያወጣሉ።

ክምራችሁን ክረምት ላይ ካሳረፋችሁ በሸራ ሸፍኑት፣ ጎኑን ግን ለአየር ክፈቱት። አሞኒየም ከብስባሹ ጋር ተጣብቆ ይቆያል፤ ናይትሬት ግን ከውሃ ጋር ስለሚሄድ፣ ሦስት ወር የጠበቃችሁት ነገር በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ ታጥቦ ወደ ቦይ ይገባል። በፌጦ ፈተና የወደቀ ክምር ደግሞ አይጣልም። ገልብጡት፣ አርጥቡት፣ ደረቅ ጭድ ሳትጨምሩ ተዉት፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ ሌላ 20 ፌጦ ዝሩበት።