ከፍጥነት በፊት ፍሬን፤ የስፖርት መኪናን ለመንገድና ለውድድር ጎዳና ማሰናዳት

በምዕራብ ጀርመን አይፍል በተባለው ደን የለበሰ ተራራማ አካባቢ የሚገኘው ኑርበርግሪንግ በመኪና ስፖርት ታሪክ ውስጥ ልዩ ስፍራ አለው። እ.ኤ.አ በ1927 የተከፈተውና "ኖርድሽላይፈ" በመባል የሚታወቀው የጎዳናው ሰሜናዊ ዙር 20 ነጥብ 8 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ሲሆን፣ ከ70 በላይ መታጠፊያዎች አሉት። በዙሩ ከፍተኛና ዝቅተኛ ቦታዎች መካከል ያለው ልዩነትም 300 ሜትር ያህል ነው።

የፎርሙላ አንድ ሻምፒዮን የነበረው ስኮትላንዳዊው ጃኪ ስቱዋርት ይህን ዙር "አረንጓዴው ሲኦል" ሲል ሰይሞታል። ስያሜው ያለ ምክንያት የተሰጠ አልነበረም። እ.ኤ.አ በ1976 ኦስትሪያዊው ኒኪ ላውዳ በዚሁ ስፍራ ባጋጠመው ግጭት መኪናው በእሳት ተያይዞ እርሱም ለሞት አፋፍ ደርሶ እንደነበር ይታወሳል። ከዚያ ዓመት በኋላም የፎርሙላ አንድ ውድድር በሰሜናዊው ዙር ተካሂዶ አያውቅም።

ጎዳናው ግን ለባለሙያ ተወዳዳሪዎች ብቻ የተተወ አይደለም። በተወሰኑ ቀናት መንጃ ፈቃድና ለመንገድ ብቁ የሆነ መኪና ያለው ሁሉ ክፍያ ፈጽሞ እንዲነዳበት ይፈቀድለታል። በዚህም የተነሳ ማለዳ ባለቤቱን ወደ ሥራ ያደረሰች መኪና በበዓል ቀን በዚያው ዙር ላይ ትታያለች፤ ምሽት ላይም በራሷ ጎማ ወደ ቤት ትመለሳለች።

አንዲት መኪና ሁለቱንም ተግባር እንድትወጣ ማድረግ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ብዙ ጀማሪዎች ሥራውን የሚጀምሩት የሞተሩን ጉልበት በመጨመር ነው። በዘርፉ ተቀባይነት ያገኘው ቅደም ተከተል ግን ከዚህ ተቃራኒ ነው፤ በመጀመሪያ መኪናዋ እንድትቆም፣ ቀጥሎ መንገድ እንድትይዝ፣ ከዚያም ሙቀትን እንድትቋቋም ይደረጋል። ጉልበት የሚጨመረው ከነዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ለዚህ ዓይነቱ ሥራ በብዙ አገሮች ከሚመረጡት መካከል የጃፓኑ ማዝዳ ኩባንያ ሥሪት የሆነችው ኤምኤክስ-5 ትጠቀሳለች። እ.ኤ.አ በ1989 በቺካጎ የመኪና ትርኢት ለዕይታ የቀረበችው ይህች ባለ ሁለት መቀመጫ መኪና እ.ኤ.አ በ2016 የተመረተው ብዛቷ አንድ ሚሊዮን ደርሷል። የመጀመሪያው ሞዴል ክብደት ከአንድ ቶን በታች፣ የሞተሩም ጉልበት 115 የፈረስ ጉልበት ገደማ ነበር። ተፈላጊነቷ የመነጨው ከጉልበቷ ሳይሆን ከቀላልነቷና ከሚዛናዊነቷ ነው።

ፍሬን፤ የመጀመሪያው ሥራ

መኪና በምትሮጥበት ጊዜ የምትሸከመው ኃይል ከፍጥነቷ ጋር እኩል አያድግም። ፍጥነቷ በእጥፍ ሲጨምር ኃይሉ አራት እጥፍ ይሆናል። ነጂውን ጨምሮ 1 ሺህ 100 ኪሎ ግራም የምትመዝን መኪና በሰዓት ከ160 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ተነስታ ሙሉ በሙሉ ስትቆም ፍሬኗ የሚቀበለው ሙቀት ሦስት ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ይህም በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ የሚሆን ነው። በከተማ መንገድ ፍሬኑ ከአንዱ አያያዝ እስከ ሌላው የመቀዝቀዣ ጊዜ ያገኛል። በውድድር ጎዳና ላይ ግን የሚቀጥለው መታጠፊያ ፋታ አይሰጠውም።

ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ ሁለት ዓይነት ችግር ይከሰታል። አንደኛው የፍሬን ሸራው ዲስኩን የመያዝ አቅሙን ማጣቱ ነው። በዚህ ጊዜ ነጂው ፔዳሉን አጥብቆ ቢረግጥም መኪናዋ እንደ ቀድሞው አትቀንስም። ሁለተኛውና አደገኛው የፍሬን ዘይቱ መፍላቱ ነው። ፈሳሽ በግፊት አይታመቅም፤ የነጂውን እግር ኃይል እስከ ጎማው የሚያደርሰውም ይህ ባሕርይው ነው። ዘይቱ ሲፈላ የሚፈጠረው እንፋሎት ግን ይታመቃል። በመሆኑም ፔዳሉ ያለ ምንም ተቃውሞ እስከ ወለሉ ይወርዳል።

በአብዛኞቹ መኪናዎች የሚሠራበት የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት የመሳብ ባሕርይ አለው። ዶት 4 የተባለው ደረጃ አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴልሺየስ ሳይፈላ መቆየት ይጠበቅበታል። እርጥበት ሲጠጣ ግን ይኸው ወሰን ወደ 155 ዲግሪ ዝቅ ሊል ይችላል። መያዣው ሙሉ ሆኖ መታየቱም ዘይቱ ደኅና ለመሆኑ ማረጋገጫ አይደለም። ለመደበኛ አገልግሎት በየሁለት ዓመቱ መቀየር የተለመደ ሲሆን፣ ወደ ውድድር ጎዳና ለምትሄድ መኪና ግን ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ መለወጥና በመስመሩ ውስጥ ያለውን አየር ማስወጣት ያስፈልጋል።

ይህ ጉዳይ ለኢትዮጵያውያን አሽከርካሪዎች እንግዳ አይደለም። ከጎሃ ጽዮን ተነስቶ ወደ አባይ በረሃ የሚወርድ ሹፌር ከባድ ማርሽ አስገብቶ በሞተሩ ኃይል መኪናውን ይዞ የሚወርደው ፍሬኑን ከሙቀት ለማዳን ነው። በቁልቁለቱ ላይ የሚሠራው የተፈጥሮ ሕግ በኖርድሽላይፈም የሚሠራው ያው ነው፤ ልዩነቱ በፍጥነቱ ብቻ ነው።

የፍሬን ሸራ ምርጫም ጥንቃቄ ይሻል። ለውድድር ብቻ የተሠራ ሸራ ከፍተኛ ሙቀትን ቢቋቋምም ሳይሞቅ በደንብ አይዝም። እንዲህ ዓይነት ሸራ የተገጠመላት መኪና በማለዳ ከቤት ስትወጣ አንድ ሕፃን ድንገት መንገድ ቢገባባት የምትቆመው ዘግይታ ነው። ስለዚህ ለሁለቱም አገልግሎት የሚመረጠው በብርድም የሚይዝ፣ ከፋብሪካው ሸራ ይልቅ ሙቀትን የሚችል መካከለኛ ዓይነት ነው።

ጎማና አቋም

መኪናን ከመንገዱ ጋር የሚያገናኙት አራት ጎማዎች ሲሆኑ፣ እያንዳንዱ መሬቱን የሚነካበት ስፋት ከአንድ ሰው መዳፍ ብዙም አይበልጥም። የፍሬኑም ሆነ የሞተሩ ኃይል ሁሉ የሚያልፈው በዚህች ጠባብ ቦታ ነው። ለጎማ የሚደረግ እንክብካቤ ቀላል ቢመስልም ውጤቱ ከፍተኛ የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

ጎማ በከባድ አነዳድ ሲሞቅ በውስጡ ያለው አየር ግፊቱ ይጨምራል። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሴልሺየስ ከፍ ባለ ቁጥር ግፊቱ በ0 ነጥብ 1 ባር ገደማ ያድጋል። ጠዋት በብርድ በትክክል የተሞላ ጎማ ከጥቂት ዙር በኋላ ከልክ በላይ ሊወጠርና መሬቱን በመሐሉ ብቻ ሊነካ ይችላል። በመሆኑም ልምድ ያላቸው ነጂዎች ከዙሩ እንደወጡ ጎማው ሳይቀዘቅዝ ግፊቱን ይለካሉ፤ አስፈላጊውን ያህልም አየር ይቀንሳሉ። ወደ ቤት ከመመለሳቸው በፊት የቀነሱትን መልሰው መሙላት ግን ሊረሱት የማይገባ ተግባር ነው።

ጥርሱ ጥቂት የሆነ ለስላሳ የውድድር ጎማ በደረቅ አስፋልት ላይ መንገድ በመያዝ የሚወዳደረው የለም። ዝናብ ሲጥል ግን ውሃውን ገፍቶ የሚያስወጣበት በቂ ቦይ ስለሌለው መኪናዋ በውሃው ላይ ትንሳፈፋለች። የአይፍል አየር ጠባይ ተለዋዋጭ በመሆኑ የዙሩ አንዱ ጫፍ ደረቅ ሆኖ ሌላው ጫፍ ሊዘንብበት ይችላል። ነጂው በእንዲህ ዓይነት ጎማ በዝናብ ወደ ቤቱ ለመመለስ ሲገደድም ያው አደጋ በመንገድ ላይ ይጠብቀዋል።

ጎማው መሬቱን በአግባቡ እንዲነካ የሚያደርገው ደግሞ የሞላውና የአሞርዛተሩ አሠራር ነው። መኪና በፍጥነት ስትታጠፍ ወደ ውጭ ትዘነብላለች፤ የውጩ ጎማም በጠርዙ ላይ ይቆማል። ይህን ለመመከት የጎማዎቹን የላይኛ ጫፍ በመጠኑ ወደ ውስጥ ማዘንበል የተለመደ ነው። ዘንበሉ ሲበዛ ግን በቀጥተኛ መንገድ ላይ የጎማው የውስጥ ጎን ቶሎ ያልቃል። ከላይ ሲታይ ደኅና የሚመስል ጎማ በውስጥ በኩል ተበልቶ ሊገኝ ስለሚችል መኪናዋን አንስቶ መመልከት ይገባል።

ሞላን ከልክ በላይ ማጠንከርም የተለመደ ስህተት ነው። ጠንካራ ሞላ ለስላሳ በሆነ አስፋልት ላይ መኪናዋን ቢያረጋጋም ወጣ ገባ በሆነ መንገድ ላይ ጎማውን ከመሬት ያስነሳዋል። አየር ላይ ያለ ጎማ ደግሞ አይዝም፤ አይታጠፍም። ኖርድሽላይፈ እንደ ዘመናዊ የውድድር ሜዳዎች የተደላደለ ባለመሆኑ በዚያ የሚመረጠው አቋም ለመደበኛ መንገድ ከሚስማማው እጅግ የራቀ አይደለም።

በማስተካከያ ሥራው ሁሉ የሚመከር አንድ ደንብ አለ። በአንድ ጊዜ የሚለወጠው አንድ ነገር ብቻ ሊሆን ይገባል፤ ውጤቱም በማስታወሻ ደብተር ይመዘገባል። ሁለት ነገሮችን በአንድነት የለወጠ ሰው የትኛው እንደጠቀመውና የትኛው እንደጎዳው ለይቶ ማወቅ አይችልም።

ዘይት፣ ውሃና የሞተር ጉልበት

በረጅም መታጠፊያ ላይ ከሞተሩ ግርጌ በሚገኘው ማጠራቀሚያ ውስጥ ያለው ዘይት ወደ አንድ ጎን ይሸሻል። በዚህ ቅጽበት የዘይት ፖምፓው ከዘይት ይልቅ አየር ከሳበ የሞተሩ ኩሽኔታዎች ያለ ቅባት ይሽከረከራሉ። የጥቂት ሰከንዶች ድርቀት ለሞተር መበላሸት በቂ ነው። ስለዚህ ከጉዞ በፊት የዘይቱን መጠን ማየት፣ ዘይትና ፊልትሮን ከመደበኛው ጊዜ ቀድሞ መቀየር፣ እንደ አስፈላጊነቱም ዘይቱ እንዳይሸሽ የሚያግድ ክፍልፋይ በማጠራቀሚያው ውስጥ ማስገጠም ይመከራል። ራዲያተሩ፣ ጎማ ቱቦዎቹና ቺንጊያዎቹም በዚሁ ጊዜ መፈተሽ አለባቸው።

የሞተር ጉልበት የሚጨመረው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በዘመናዊ መኪና ሥራው በአብዛኛው የሚከናወነው የሞተሩን ኮምፒውተር በማስተካከል ሲሆን፣ ይህም የነዳጁን መጠንና ካንዴላው እሳት የሚሰጥበትን ቅጽበት መለወጥ ማለት ነው። እሳቱ ያለ ጊዜው ቀድሞ ቢሰጥ ወይም ነዳጁ ለሞተሩ የማይመጥን ቢሆን በሲሊንደሩ ውስጥ ያልተፈለገ ፍንዳታ ይፈጠራል፤ ይህም ፒስተኑን እስከ መብሳት ሊያደርስ ይችላል።

ማስተካከያው የቦታውን አየርም ያገናዘበ መሆን አለበት። ከባሕር ወለል በላይ 2 ሺህ 400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ እንዳለችው አዲስ አበባ ባለ ከተማ አየሩ ስስ በመሆኑ ቱርቦ የሌለው ሞተር በባሕር ጠረፍ ከሚሰጠው ጉልበት ከአንድ አምስተኛ እስከ አንድ አራተኛ የሚሆነውን ያጣል። በአንዱ አገር የተሰናዳ ማስተካከያ በሌላው አገር ያንኑ ውጤት የማይሰጠው ለዚህ ነው።

የተጨመረው ጉልበት ሁሉ በሚቀጥለው መታጠፊያ ላይ በፍሬኑ መመለስ ያለበት መሆኑም መዘንጋት የለበትም። ለ115 የፈረስ ጉልበት የተሠራ ፍሬን ጉልበቱ በእጥፍ ለጨመረ ሞተር ሳይሻሻል ቢተው መኪናዋ ፈጣን ሳትሆን አደገኛ ትሆናለች።

ሕግና ኃላፊነት

በጀርመን የመኪናን አሠራር የሚለውጥ ማናቸውም ዕቃ ሲገጠም በሕግ የጸደቀ ወይም በምርመራ ተቋም ታይቶ በመኪናዋ ሰነድ ላይ የሰፈረ መሆን ይኖርበታል። ይህ ሳይሟላ ሲቀር መኪናዋ በመንገድ ላይ የመንቀሳቀስ ፈቃዷን ልታጣ ትችላለች። ኖርድሽላይፈ ለሕዝብ ክፍት በሚሆንባቸው ቀናትም የመንገድ ትራፊክ ሕግ የሚሠራ ሲሆን፣ እሽቅድምድም ማድረግ የተከለከለ ነው። በርካታ የኢንሹራንስ ውሎች በዚህ ስፍራ ለሚደርስ ጉዳት የሚሰጡት ሽፋን ውስን ነው፤ ጭራሹን የማይሸፍኑም አሉ። የብረት አጥሩን ገጭቶ ያበላሸ ነጂም የጥገናውን ወጪ እንዲከፍል ይጠየቃል።

ከዙሩ ሲወጣም ሥራው አያበቃም። ነጂው የመጨረሻውን ክፍል በዝግታ በመንዳት ፍሬኑንና ሞተሩን ማቀዝቀዝ አለበት። መኪናዋን ካቆመ በኋላም የጋለው የፍሬን ሸራ በዲስኩ ላይ ተጣብቆ እንዳይቀር የእጅ ፍሬን ከመሳብ ተቆጥቦ ማርሽ አስገብቶ ይተዋታል። ቀጥሎም የጎማ ቡሎኖቹ በፋብሪካው መመሪያ በተወሰነው ልክ መጥበቃቸውን፣ የሚንጠባጠብ ዘይት አለመኖሩን፣ የጎማውንና የሸራውን ይዞታ ተመልክቶ ወደ ቤቱ ጉዞ ይጀምራል።

ይህ ፍተሻ ከሩብ ሰዓት በላይ አይፈጅም። ይሁን እንጂ በመመለሻው መንገድ ላይ የሚገኙት ሌሎች አሽከርካሪዎች፣ እግረኞችና ሕፃናት መኪናዋ ከየት እንደመጣች አያውቁም፤ በዙሩ ላይ ለገባው ስጋትም አልተስማሙም። ስለዚህ የስፖርት መኪና በሚገባ ተሰናድታለች የሚባለው በዙሩ ላይ ባስመዘገበችው ሰዓት ሳይሆን፣ ምሽት ላይ ነጂዋንም ሆነ መንገደኛውን ሳትጎዳ ቤቷ ስትደርስ ነው።