ጡንቻ ስኳርን የሚቀበልበት ሰዓት



በባሕር ዳርና በጣና ዳርቻ ስለ ስኳር በሽታ ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚጠየቀው «ምን ልብላ?» የሚለው ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ መቼ እንደምንበላ፣ ከበላን በኋላ ምን እንደምንሠራና መቼ እንደምንተኛም አብሮ ሊታሰብ ይገባል። ምክንያቱን ባጭሩ እንገልጻለን።

እንጀራ ወይም ዳቦ ስንበላ ምግቡ ወደ ስኳርነት ተለውጦ ወደ ደም ይገባል። በዚያን ጊዜ ቆሽት ኢንሱሊን የሚባለውን ንጥረ ነገር ያመነጫል። ኢንሱሊን እንደ ቁልፍ ሆኖ የጡንቻን በር ይከፍታል፤ ጡንቻም ከስኳሩ ከፊሉን ለሥራ ያውላል፣ የቀረውን ያከማቻል። በሰውነታችን ካሉት የስኳር ጎተራዎች ትልቁ ጡንቻ ነው። በሩ አልከፈት ሲል ስኳሩ በደም ውስጥ ይቀራል፤ ውሎ አድሮም ዓይንን፣ ኩላሊትንና እግርን ይጎዳል።

በሩ ያለ ኢንሱሊን የሚከፈትበትም መንገድ አለ፤ እርሱም ሥራ ነው። ታንኳ የሚቀዝፍ ወይም ገበያ በእግሩ የሚሄድ ሰው ጡንቻው በሠራ ቁጥር ስኳር ያስገባል። ከሥራውም በኋላ እስከ አንድ ቀን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ ጡንቻው ለኢንሱሊን የተሻለ ይታዘዛል። ቀኑን በባጃጅና በወንበር ላይ ለሚያሳልፍ ግን ይህ ጥቅም ይቀርበታል። በዚህ ላይ ዘይትና ጣፋጭ ሲበዛ በጡንቻ ውስጥ የሚጠራቀመው ስብ የኢንሱሊንን ሥራ ያደናቅፋል።

ጡንቻ የራሱ ሰዓትም አለው። ቀን ለመብላትና ለመሥራት፣ ሌሊት ለማረፍ የተሰናዳ ነው። ስለዚህ ያው ምግብ ማታ ሲበላ የደምን ስኳር ከጧቱ ይልቅ ከፍ ያደርጋል። እንቅልፍ ማጣትም፣ ለጥቂት ሌሊት እንኳ ቢሆን፣ የኢንሱሊንን ኃይል ይቀንሳል። የሌሊት ዘበኞች፣ በፋብሪካ በፈረቃ የሚሠሩና ሌሊት የሚያስታምሙ ነርሶች ለዚህ የተጋለጡ ናቸው።

ስለሆነም እራት በጊዜ ይበላ፤ ከበሉ በኋላ ጥቂት በእግር መሄድ ይለመድ፤ እንጀራው ከምስር፣ ከሽሮ፣ ከጎመን ወይም ከዓሣ ጋር ይሁን፤ ስኳር የበዛበት ሻይና ለስላሳ መጠጥ ይቀነስ።

አንድ ነገር ግን በጥብቅ እናሳስባለን። ስኳር በሽታ የጠገበ ሰው በሽታ ብቻ አይደለም። ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2025 ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘውን ስኳር በሽታ አምስተኛው ዓይነት ብሎ ተቀብሎታል። እንዲህ ያሉ ከሲታ ሕመምተኞች የሚጎድላቸው ራሱ ኢንሱሊኑ ነው። መርፌ የታዘዘለት ሰው በእግር መሄድና በጊዜ መብላት ብቻውን አይበቃውም፤ መርፌውን እንዲተው ማንም አይምከረው።

እንዲሁም ኢንሱሊን የሚወስድ ወገን ሐኪሙን ሳያማክር እስከ 9 ሰዓት ወይም ቀኑን ሙሉ አይጹም፤ ስኳሩ ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል። ሽማግሌዎች የጾም ጸሎት ከመታወጁ በፊት መርፌ የሚወስዱትን ለይተው ይወቁ። በጸሎት መካከል አንዱ ቢንቀጠቀጥ፣ ቢያልበውና ንግግሩ ቢደናገር፣ መዋጥ የሚችል ከሆነ ስኳር የበዛበት ሻይ ወዲያው ይሰጠው፤ ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም ሳይደረግ በፍጥነት ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ።