ሌሊት የሚቆጥር ሕግ
በፍቺ የተለያዩ ወላጆች፣ አንድ ልጅ እና የአሜሪካ ግብር

አሜሪካ ውስጥ የታክስ ማስገቢያው ወቅት እስከ ኤፕሪል አጋማሽ ይዘልቃል። በተፋቱ ወላጆች መካከል ግን እሽቅድምድሙ የሚያልቀው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው። ቀድሞ ያስገባው ልጁን ክሌም ያደርጋል፤ ጥገኛዬ (ዲፔንደንት) ነው ብሎ ያስመዘግባል ማለት ነው። የዘገየው በኮምፒውተር የላከው ሰነድ ብዙ ጊዜ ተመልሶ ይመጣበታል፤ የልጁ ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር በሌላ ሰው ስም ተይዟልና። ከዚያ ወዲያ ያለው ክርክር የታወቀ ነው። አባት የፍቺ ውሳኔውን ታክስ ሠሪው ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ «ዳኛው ለእኔ ፈርደውልኛል፤ ቀለቡንም በየወሩ እከፍላለሁ» ይላል።

ሁለቱም እውነት ሊሆኑ ይችላሉ። የግብር መሥሪያ ቤቱ አይ.አር.ኤስ. ግን የሚጠይቀው ሌላ ነገር ነው፦ ልጁ በዓመቱ ውስጥ ብዙውን ሌሊት ያደረው የት ነው?

በፌዴራል የግብር ሕግ አሳዳጊ ወላጅ ማለት ልጁ ብዙ ሌሊት አብሮት ያደረ ወላጅ ነው። ልጁን በጋራ እኩል እንዲያሳድጉ የተፈረደላቸው ወላጆች እንኳ ከዚህ ቆጠራ አያመልጡም። 365 ለሁለት እኩል ስለማይከፈል አንዱ ቢያንስ 183 ሌሊት ይኖረዋል። እንደ 2024 ባለ የ366 ቀን ዓመት ሌሊቱ በትክክል እኩል ከወጣ፣ መብቱ የተስተካከለ ጠቅላላ ገቢው ከፍ ላለው ወላጅ ይሄዳል። በሌሊት ፈረቃ ለሚሠራ ወላጅ ደግሞ ደንቡ የተለየ መንገድ አለው፦ እሱ ሥራ ላይ እያለ ልጁ ሌላ ቤት ቢያድርም፣ ብዙውን ቀን ከእሱ ጋር ከዋለ አሳዳጊው እሱ ነው። በሆስፒታል፣ በነርሲንግ ሆምና በፓርኪንግ ሌሊት የሚሠራ ወገን ብዙ ስለሆነ ይህችን አንቀጽ ማወቅ ይጠቅማል።

ገንዘብ ማን ከፈለ የሚለው ጥያቄስ የት ገባ? ድሮ ዋናው ጥያቄ እሱ ነበር። እ.ኤ.አ. እስከ 1984 ድረስ ክርክሩ ያተኮረው ለልጁ ብዙ ወጪ ያወጣው ማነው በሚለው ላይ ስለነበር፣ ሁለት የተኳረፉ ሰዎች የቤት ኪራይና የጫማ ደረሰኝ ይዘው መርማሪ ፊት ይቀርቡ ነበር። መሥሪያ ቤቱ ሳይወድ በግድ የባልና ሚስት አስታራቂ ሆነ። ኮንግረስ በ1984 ይህን ለማስቆም መብቱን ለአሳዳጊው ሰጠ፤ ሌላው ወላጅ ልጁን ማስመዝገብ የሚችለው አሳዳጊው በጽሑፍ ከለቀቀለት ብቻ ሆነ። ሕጉ ማን የበለጠ ደከመ ብሎ መመዘኑን ትቶ በቀላሉ የሚቆጠረውን መረጠ ማለት ነው። ቀለቡን ሳያጓድል የሚከፍል አባት ቢያማርር አይፈረድበትም፤ የሚከፍለው ቀለብ ከግብሩ አይቀነስለትም፣ መብትም አይገዛለትም። ያም ሆኖ የድሮው አሠራር ለማንም የተሻለ ነበር አልልም።

ያኔ ቁጥጥሩ ምን ያህል የላላ እንደነበር ብዙም ሳይቆይ ታየ። ለ1987 የግብር ዓመት፣ ዕድሜያቸው አምስትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ልጆች የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር መጻፍ ግዴታ ሲሆን፣ ወደ 7 ሚሊዮን የሚጠጉ ልጆች ከአሜሪካ የግብር መዝገብ ጠፉ። ከፊሎቹ ጨርሶ ያልተወለዱ ነበሩ። ከፊሎቹ ደግሞ እናትም አባትም ለየብቻ ያስመዘገቧቸው የተፋቱ ሰዎች ልጆች ናቸው።

አሳዳጊው የሚለቅበት ወረቀት ፎርም 8332 ይባላል። ከ2008 በኋላ በተሰጠ የፍቺ ውሳኔ፣ የውሳኔውን ገጾች በፎርሙ ፈንታ ማያያዝ አይቻልም። በ2012 የአሜሪካ የግብር ፍርድ ቤት የወሰነው አንድ ጉዳይ የነገሩን ክብደት ያሳያል። ከዚያ በፊት በተሰጠ የፍቺ ትእዛዝ መሠረት አባትየው ቀለቡን ካሟላ እናትየው ፎርሙን ልትፈርምለት ይገባ ነበር። ቀለቡን አሟላ፤ እሷ ግን አልፈረመችም። እሱም በፎርሙ ፈንታ የውሳኔ ሰነድ ከታክሱ ጋር አያይዞ ላከ። ተረታ፤ ይግባኝም ብሎ በ2014 ተረታ። ምክንያቱም የመልቀቂያው ወረቀት «ይህን ካደረገ» የሚል ቅድመ ሁኔታ ሊኖረው አይችልም። እንዲህ ያለ ሰው መፍትሔው ወደ ቤተሰብ ፍርድ ቤት ተመልሶ «ትእዛዝ አላከበረችም» ብሎ መክሰስ ነው፤ ከአይ.አር.ኤስ. ጋር ቢሟገት ድካም ብቻ ነው።

እዚህ ላይ የእኛን ሽማግሌዎች ማንሳት አለብኝ። «ትልቁን አንተ፣ ትንሿን እሷ ታስመዝግብ» ተብሎ ቡና ላይ የሚቋጭ ስምምነት ለሰላም መልካም ነው። ሁለቱም ልጆች እናታቸው ቤት የሚያድሩ ከሆነ ግን ፎርሙ ሳይፈረም ስምምነቱ ግብር ላይ ዋጋ የለውም። ኢትዮጵያ ውስጥ የደመወዝ ግብር ሲሰላ የልጅ ቁጥር ስለማይጠየቅ፣ አዲስ ለመጣ ሰው ነገሩ ሁሉ እንግዳ ነው።

ፎርሙ ሲፈረም ምን ይሄዳል፣ ምን ይቀራል? ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። የሚሄደው ለ2025 በልጅ እስከ 2,200 ዶላር የሚደርሰው ቻይልድ ታክስ ክሬዲት ነው፤ ልጁ 17 ዓመት ከሞላው ደግሞ በምትኩ የሚሰጠው እስከ 500 ዶላር የሚደርስ ክሬዲት። ሄድ ኦፍ ሃውስሆልድ የተባለው የታክስ ማስገቢያ ደረጃ፣ ኧርንድ ኢንካም ክሬዲትና የሕጻናት መዋያ ወጪ ክሬዲት ግን ሌላው መስፈርት እስከተሟላ ድረስ ከአሳዳጊው እጅ አይወጡም። ኧርንድ ኢንካም ብቻውን አንድ ልጅ ላለው ባለዝቅተኛ ገቢ ወላጅ ለ2025 እስከ 4,328 ዶላር ይደርሳል። ስለዚህ «ፈርሜ ሁሉን አጣሁ» የምትል እናት ታክስ ሠሪዋ በደንብ አልሠራላትም ማለት ነው። «ፈርማልኛለች» ብሎ ኧርንድ ኢንካም የሚጠይቅ አባት ደግሞ አደጋ ላይ ነው፤ ደንቡን ችላ ብሎ መጠየቅ ለሁለት ዓመት፣ ማጭበርበር ለአሥር ዓመት ከክሬዲቱ ያሳግዳል።

በፍቺ ማግሥት ልጁን ለአያት አደራ ብለው አገር ቤት የሚልኩም አሉ። ዜግነትም የመኖሪያ ፈቃድም የሌለው፣ አዲስ አበባ የሚኖር ልጅ ገንዘብ ስለተላከለት ብቻ ዲፔንደንት አይሆንም። ልጁ የአሜሪካ ዜጋ ከሆነም አብሮ የመኖሩ ጥያቄ ይቀራል። ለክረምት ሄዶ የሚመለስና እዚያው የሚያድግ አንድ አይደሉም።

እውነቱ ከእርስዎ ጋር ሆኖ ከተቀደሙ መብትዎ አልጠፋም። ከ2025 የታክስ ማስገቢያ ወቅት ጀምሮ አይፒ ፒን የተባለውን ባለስድስት አሃዝ ቁጥር ያስገባ ሰው፣ ልጁ ቀድሞ የተያዘ ቢሆንም በኮምፒውተር መላክ ይችላል። በወረቀት መላክም አለ። ከዚያ አይ.አር.ኤስ. ለሁለቱም ሊጽፍ ይችላል፤ ያልተገባው አርሞ ካልመለሰ ማስረጃ ይጠየቃል። የትምህርት ቤትና የሐኪም መዝገብ ላይ ያለው አድራሻ የሚጠቅመው ያኔ ነው።

ፎርም 8332 በነጻ ይገኛል። ለአንድ ዓመት ብቻ ወይም ለሚመጡት ዓመታት ሊፈረም ይችላል፤ ለወደፊት የተፈረመውን መሻርም ይቻላል፣ ሽረቱ የሚጸናው ግን ለሌላው ወላጅ ከተነገረበት ቀጥሎ ባለው ዓመት ነው። በፍቺ ላይ ያላችሁ ወገኖች ስምምነቱን ከመፈረማችሁ በፊት ጠበቃችሁን አንድ ነገር ጠይቁት፦ ፎርሙን ማን፣ በየትኛው ዓመት፣ እስከ ምን ቀን ፈርሞ እንደሚሰጥ በስምምነቱ ላይ ይጻፍ።