በደጋ አገር የሰንበት ዕረፍትና የሜዳ ጨዋታ

ስለ አገራችን የሜዳ ጨዋታ ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ የሚነገረው ስለ ተጫዋቹ ጉብዝናና ስለ ጨዋታው ሥርዓት ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ ግን ጨዋታው እንዲኖር ስለሚያደርጉት ነገሮች፥ ይኸውም ስለ ቀኑ፥ ስለ ሜዳውና በቤት ውስጥ ስለሚደረገው ዝግጅት ጥቂት ለማስረዳት እሞክራለሁ። ደጋ ስል ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር የሚበልጠውን ብርዳማ አገር ማለቴ ነው፤ የምናገረውም በተለይ ስለ ሸዋና ስለ አማራው ደጋ ኦርቶዶክሳዊ አራሽ ነው።

በአራሹ ዘንድ ዕረፍት ሰው በፈቀደው ጊዜ የሚወስደው ነገር አይደለም፤ የሚሰጠው ከባሕረ ሐሳቡ ነው። ቅዳሜ ቀዳሚት ሰንበት፥ እሑድ ሰንበተ ክርስቲያን ይባላል። በእሑድ ማረስ፥ ማጨድና መፍጨት ነውር ነው። በዚህም ላይ በየወሩ በ12 ሚካኤል፥ በ21 ማርያም፥ በ29 ባለ ወልድ አለ፤ የደብሩ ታቦት ቀንም ይጨመርበታል። የበዓሉ ብዛት ሥራ ያስፈታል የሚለው ክርክር የቆየ ነው፤ እኔ አሁን አልገባበትም። ነገር ግን ከነዚህ ቀኖች በቀር ባልንጀራ ከባልንጀራው ጋር በጠራራ ፀሐይ ሥራ ፈትቶ የሚገናኝበት ጊዜ እምብዛም አለመኖሩን ተከራካሪዎቹ ይረሱታል።

እሑድ ቅዳሴ ካለቀ በኋላ ሰንበቴ ያላቸው ሰዎች ወደ ቤታቸው አይበተኑም። በቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ባለው በሰንበቴ ቤት ወይም በዛፍ ጥላ ይቀመጣሉ፤ ተራው የደረሰው አባል ዳቦና ጠላ ያቀርባል፤ ካህኑ ይባርካል፤ ነዳያንም ከዚያው ይበላሉ። ማኅበር ከዚህ የሚለየው በወር አንድ ጊዜ፥ በአንድ ቅዱስ ስም፥ በአባሉ ቤት ስለሚጠጣና ጽዋው ወደ ባለ ተራው ስለሚሻገር ነው። በሰንበቴ ላይ የጠፋ በሬ ይጠየቃል፥ የታመመ ይነገራል፥ የተጣላ ይታረቃል። ልጆቹ ግን ይህ ሁሉ አይጥማቸውም፤ ዳቧቸውን እንደ ተቀበሉ ወደ ሜዳው ይወርዳሉ።

ከሜዳ ጨዋታዎች ሁሉ ነገሩን በግልጥ የሚያሳየው ገና ነው። ጊዜው የልደት በዓል የሚከበርበት የታኅሣሥ ወር መጨረሻ ነው፤ ይኸውም ከእርሻው ጋር የተስማማ ነው። በክረምት ሜዳው ረግረግ ይሆናል፤ በመስከረምና በጥቅምት ማሳው በእህል ተሸፍኗል፤ በታኅሣሥ ግን እህሉ ታጭዶ ወደ አውድማ ስለሚገባ መሬቱ ለከብትም ለልጅም ይለቀቃል። እረኞች ከብት እየጠበቁ ይለማመዳሉ። በትሩ ጫፉ የቆለመመ ነው፤ ጠንካራ ስለ ሆነ ብዙ ሰው ወይራ ይመርጣል። ሩር የምትባለው ድቡልቡል ነገር ከእንጨት ተጠርባ ወይም ከጠፍር ተጎንጉና ትሠራለች። በገንዘብ የሚገዛ ዕቃ የለበትም።

ተጫዋቾቹ በሁለት ወገን ይከፈላሉ፤ የላይ ቤትና የታች ቤት፥ ወይም መንደር ከመንደር። ቁጥር አይወሰንም፤ ዘግይቶ የመጣም ወደ ወገኑ ይገባል። ሩሯን ወደ ባላጋራው ወሰን ያሳለፈ ያሸንፋል፤ ወሰኑ ግን ጅረት ወይም ዛፍ ወይም የመንደር ጫፍ ሊሆን ይችላል እንጂ በገመድ የተለካ አይደለም። በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት የእግር ኳስ ሜዳው በኖራ የተሰመረ ነበረ። ከገጠር አዲስ የመጡት ልጆች ኳሱ ከመስመሩ ሲወጣ ጨዋታው ለምን እንደሚቆም አይገባቸውም ነበርና እስከ አጥሩ ድረስ እየነዱት ይሮጡ ነበር። እኛ እንሥቅባቸው ነበር፤ ነገር ግን ልጆቹ ሕግ አልባ አልነበሩም፤ የሌላ ጨዋታ ሕግ ይዘው ነበር የመጡት። ዛሬ በየውድድሩ የሚታየው ገና ደንብ ወጥቶለት በተለካ ሜዳ ይጫወቱታል፤ ይህ ለዳኝነት ይመቻል፤ ነገር ግን ዘግይቶ የመጣው ሰው ተመልካች ሆኖ ቀርቷል።

የጨዋታው ዋና ጠባይ ማዕረግ ለጊዜው መነሣቱ ነው። ጌታና ሎሌ በአንድ ሜዳ ይሰለፋሉ፤ በጨዋታው መካከል የሎሌው በትር ጌታውን ቢያገኘው ጌታው ሊቆጣ አይገባውም። ያሸነፈው ወገን የተሸነፈውን በግጥም ይሰድባል፤ ሹሙም ከግጥሙ አይተርፍም። ከዚያ በኋላ እየጨፈሩ ወደ ባለጸጋው ቤት ሄደው ጠላ ይጠጣሉ፤ ስድቡም ከሜዳው ጋር ይቀራል። እንዲህ ያለው ፈቃድ በአዳራሽ ወይም በግቢ ውስጥ ሊሰጥ የሚችል አይመስለኝም። በግቢ ውስጥ አንዱ ባለቤት፥ ሌላው እንግዳ ነው፤ በሜዳ ላይ ግን የቤት ጌታ የለም።

በጥምቀት ሰሞን የሚደረገው ጉግስም ሜዳ ይፈልጋል። ፈረሰኞች በሁለት ወገን ሆነው እየተሳደዱ ዘንግ ይወራወራሉ፤ የሚሳደደውም በጋሻው ይመክታል። ለማየት እጅግ ያማረ ነው፤ ነገር ግን ፈረስ ለሌለው ሰው የዓይን በዓል ብቻ ስለ ሆነ ከገና ጋር አንድ አድርጌ አልቆጥረውም።

አሁን ከሜዳው ወደ ጓዳው እንመለስ። በሰንበቴ የሚጠጣው ጠላ በእሑድ ጠዋት አልተገኘም። ጌሾው ተወቅጦ በውሃ ይጠነሰሳል፤ ከጥቂት ቀን በኋላ ብቅሉና ቂጣው ይጨመራል፤ ከዚያም ይደፈደፋል፤ ጋኑም ታጥቦ በወይራ ይታጠናል። ከጥንስሱ እስከ መጥለቁ ከሳምንት የሚበልጥ ጊዜ ይፈጃል፤ ውሃውን ከምንጭ በእንስራ ማምጣቱም አለ። በሰንበት መፍጨት ስለ ተከለከለ የሰንበቱ ዱቄት ሁሉ አስቀድሞ መፈጨት አለበት። ስለዚህ ባል የሚያርፍበት ቀን ለሚስቱ የብዙ ቀን ሥራ ማለቂያ ነው፤ በዕለቱም ቢሆን አሳላፊ እንጂ ተቀማጭ አትሆንም። ወፍጮ ቤት በደረሰበት መንደር ድካሙ ቀንሷል፤ ጠላው ግን እስከ ዛሬ በእጅ ነው። የልጃገረዶች የሜዳ ጨዋታ በጥቂት ቀን ተወስኖ መቅረቱ ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል። በእንቁጣጣሽ አበባየሆሽ አለ፤ ከፍልሰታ ጾም ፍቺ በኋላ በዋግ ሻደይ፥ በላስታ አሸንድዬ ይጫወታሉ። በነዚያ ቀኖች ልጃገረዷ ከጓዳ ፈቃድ አግኝታ ከጓደኞቿ ጋር ትውላለች፤ ወንድሟ ግን ይህን ፈቃድ በየሰንበቱ ሳይጠይቅ ያገኘዋል።

ሜዳው የማን ነበረ የሚለው ጥያቄ ቀላል አይደለም። በብዙ ስፍራ ጨዋታው የሚደረገው በጋራ ግጦሽ ላይ ነበረ። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ከታወጀ ወዲህ መሬት በየጊዜው ተደልድሏል፤ ሕዝቡም በዝቷል። መሬት ለሌለው ወጣት ከሚሰጠው አንዱ ያው ግጦሽ ነው። ይህን የሚነቅፍ ሰው ለወጣቱ ሌላ እንጀራ ማሳየት ይገባዋል። ሆኖም ድልድሉ ሲደረግ ግጦሹ የሚቆጠረው በከብት ሣር ብቻ ነው፤ የጨዋታ ቦታ መሆኑን በሒሳብ የሚያገባው የለም።

በከተማም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ጥምቀት የሚከበርበት፥ የገናና የሩጫ ውድድር የሚደረግበት ጃን ሜዳ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት የአትክልት ተራ ገበያ ተዛውሮበት ነበረ። ምክንያቱ በቂ ነበረ፤ ጠባብ ገበያ በሽታ ያዛምታልና። ለ2013 ዓ.ም. ጥምቀት ሜዳው እንዲጸዳ ሲደረግ ግን የተቆለለው ቆሻሻና የተረገጠው ጭቃ ብዙ ሥራ ጠይቋል። ለአስቸኳይ ነገር መጀመሪያ የሚታሰበው ባዶ የሚመስለው ቦታ ነው።

ዛሬ ጥቂት ገንዘብ ያለው የከተማ ቤተ ሰብ ቅዳሜና እሑድ ከወዳጆቹ ጋር ወደ እንጦጦ፥ ወደ መናገሻ ሱባ ደን ወይም ወደ ወንጪ ሐይቅ ይወጣል። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የእንጦጦ ፓርክ ከተከፈተ ወዲህ በባሕር ዛፉ መካከል መሄድ የወጣቶች ልማድ ሆኗል። አንዳንድ ሰው ይህን ከፈረንጅ የመጣ ልማድ ነው ይላል። እኔ ግን ምሳው በመሶብ ተይዞ፥ ቡናው በሣር ላይ ተፈልቶ፥ ልጆቹ ቁልቁል ሲሮጡ ስመለከት የማየው ሰንበቴውን ነው፤ ቡናውን የምታፈላውም ያችው ናት። ልዩነቱ ወደዚያ ለመድረስ መኪና ወይም የመጓጓዣ ገንዘብ ማስፈለጉ ነው።

ገንዘቡ የሌላቸው ልጆች በእሑድ ጠዋት አስፋልቱን ይይዛሉ። በ2011 ዓ.ም. መንገድ ለሰው በሚል ስም በተወሰኑ እሑዶች አንዳንድ ጎዳናዎች ለመኪና ተዘግተው ለእግረኛና ለተጫዋች መለቀቅ ጀምረው ነበረ። በሌላው እሑድ ግን ሁለት ሁለት ድንጋይ ግብ ይሆናል፤ መኪና ሲመጣ አንዱ ይጮኻል፥ ድንጋዩ ይነሣል፥ መኪናው ያልፋል፥ ድንጋዩ ወደ ቦታው ይመለሳል። ዘግይቶ የመጣ ልጅም ወደ ወገኑ ይገባል።