ሹመት የሌለው የሉፊ ቀኝ እጅ

የምትሠሩበት ቤት ውስጥ አሥር ዓመት ያለፈው ልጅ ካለ፣ አረንጓዴ ፀጉር ያለውን ባለ ሦስት ሰይፍ ሰውዬ ሳታዩት አልቀራችሁም። በልጁ ቲሸርት ላይ፣ በስልኩ ሽፋን ላይ፣ ወይም ሳሎን ስታጸዱ ማንም በማያየው ክፍት ቴሌቪዥን ላይ። ሁለቱን ሰይፍ በእጁ ይዞ ሦስተኛውን በጥርሱ ነክሶ ነው የሚዋጋው። ስሙ ሮሮኖዋ ዞሮ ይባላል።

ታሪኩ «ዋን ፒስ» ነው። ጃፓናዊው ሠዓሊ ኤይቺሮ ኦዳ በሐምሌ 1997 እ.ኤ.አ. «ሾነን ጃምፕ» በተባለ ሳምንታዊ መጽሔት ላይ መሳል ጀመረ፤ እስከ ዛሬም አልጨረሰም። ቅጾቹ ከመቶ አልፈዋል። በ2022 በዓለም ዙሪያ የታተመው ከ500 ሚሊዮን ቅጂ በላይ መድረሱ ተነግሯል። የቴሌቪዥን ካርቱኑ በ1999 የጀመረ ሲሆን ወደ አረብ ልጆች ቤት ያስገባው በዋናነት ስፔስቱን የተባለው ጣቢያ ነው። ስፔስቱን ካርቱን የሚያስተረጉመው በፉስሃ፣ ማለትም በመጽሐፍ አረብኛ ነው። ልጆቹ ከካርቱን የቀዱትን ሲደግሙ ድንገት እንደ ዜና አንባቢ የሚሆኑት ለዚህ ነው። እናንተ ከማዳምና ከልጆቹ አፍ የለመዳችሁት የባሕረ ሰላጤውን አነጋገር ስለሆነ ቴሌቪዥኑ የሚለው ባይገባችሁ አትገረሙ። እኔ አረብኛን በዩኒቨርሲቲ ተምሬ በትርጉም ሥራ የምተዳደር ሰው ነኝ፤ ከሰዋስው መጽሐፍ ያልገባኝን ብዙ ነገር ያስረዳኝ ካርቱን ነው።

ስለ ዞሮ ግን ልጆቹም ትልልቆቹም የማይስማሙበት አንድ ጥያቄ አለ፤ እኔንም ለዓመታት አልለቀቀኝም። ይህ ሰው በመርከቡ ላይ ሥራው ምንድን ነው?

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ካፒቴኑ ሉፊ ነው፤ የገለባ ባርኔጣ የሚያደርገው፣ የባሕር ወንበዴዎች ንጉሥ እሆናለሁ የሚለው ልጅ። ናሚ አቅጣጫ መሪ ናት። ኡሶፕ አልሞ ተኳሽ፣ ሳንጂ ምግብ አብሳይ፣ ቾፐር ሐኪም፣ ሮቢን አርኪዮሎጂስት፣ ፍራንኪ መርከብ ሠሪ፣ ብሩክ ሙዚቀኛ፣ ጂንቤ ደግሞ የመርከቡን መሪ የሚጨብጥ ነው። እያንዳንዳቸው በሌላ ሰው የማይሸፈን ሥራ አላቸው። ዞሮ «ሰይፈኛ» ወይም «ተዋጊ» ነው ይባላል። ግን ሁሉም ይዋጋሉ! ምግብ አብሳዩ እንኳ በእግሩ ብቻ ግድግዳ ያፈርሳል። ጠብ በሌለበት ቀን ዞሮ ሲተኛ፣ ክብደት ሲያነሳ፣ ሲጠጣ፣ ማማው ላይ ወጥቶ ሲጠብቅ ነው የምናየው። ለመላላክ ደግሞ አይሆንም፤ ቀጥ ባለ መንገድ ላይ እንኳ የሚጠፋ ሰው ነው።

ብዙ አንባቢ «ምክትል ካፒቴን ነው» ብሎ ይከራከራል። ሆኖም ሉፊ ለዞሮ ይህን ሹመት የሰጠበት ምዕራፍ የለም። ደራሲው ሹመቱን ስለማያውቀው እንዳይባል፣ በሌሎች መርከቦች ላይ ምክትሎች በግልጽ ተሰይመዋል። የቀድሞው ንጉሥ የሮጀር ምክትል ሬይሊ ነበር፤ የሻንክስ ምክትል ቤን ቤክማን ነው። በሉፊ መርከብ ላይ ቦታው ባዶ ነው፤ ባዶ የተተወውም በስህተት አይመስለኝም።

ለዚህ መልስ የምፈልገው ዞሮ መጀመሪያ ከታየበት ቦታ ነው። በሼልስ ታውን የባሕር ኃይል ጦር ሰፈር ግቢ ውስጥ እንጨት ላይ ታስሯል። ያሳሰረው የአዛዡ ልጅ ሄልሜፖ ነው። ይህ ቅምጥል ልጅ ተኩላውን በከተማው ይለቅ ነበር፤ ተኩላው ሪካ በምትባል ትንሽ ልጅ ላይ ሲመጣ ዞሮ ገደለው። አንድ ወር ያለ ምግብ ታስሮ ከቆየ እንደሚለቀቅ ቃል ተገባለት። ቃሉ ውሸት ነበር። ሪካ አጥር ዘላ በእጇ የሠራችውን የሩዝ ድብልብል አመጣችለት። ጣፋጭ ይሆናል ብላ በጨው ፈንታ ስኳር ጨምራበታለች። ሄልሜፖ ቀመሰውና ተፋው፣ ከዚያም መሬት ጥሎ በጫማው ረገጠው። ልጅቷ ከሄደች በኋላ ዞሮ ሉፊን ከመሬት አንስቶ እንዲያጎርሰው ጠየቀው። ከነአፈሩ በላው። ለልጅቷም መልእክት ላከ፦ ጥሩ ነበር፣ አመሰግናለሁ በልልኝ ብሎ።

ሰው አብስሎ ያቀረበው ምግብ ሲገፋ ምን እንደሚሰማ የምታውቁ ሰዎች ይህን ገጽ ለመረዳት ማንጋ አንባቢ መሆን አያስፈልጋችሁም። ሉፊ ይህን ሰው ከመርከቡ አባላት ሁሉ መጀመሪያ አድርጎ የመረጠው በሰይፉ ነው የሚሉ አሉ። እኔ ግን የሩዙ ነገር ይመስለኛል።

የዞሮ ቦታ የሚታየው ደግሞ ካፒቴኑ ሲደክም ነው። ኡሶፕ ከሉፊ ጋር ተጣልቶ መርከቡን ጥሎ የሄደበት ጊዜ ነበር። ነገሩ ካለፈ በኋላ ኡሶፕ ምንም እንዳልተፈጠረ ሊመለስ ሲዘጋጅ ሉፊ በደስታ ሊሮጥለት ነበር። ያስቆመው ዞሮ ነው። መጀመሪያ ይቅርታ ካልጠየቀ አይመለስም፤ እንዲሁ ከተመለሰ እኔ እሄዳለሁ አለ። ጨካኝ ይመስላል። ሐሳቡ ግን ካፒቴን የማይከበርበት መርከብ ይሰጥማል ነው። ሉፊ ተቀበለው፤ ኡሶፕም በመጨረሻ እያለቀሰ ይቅርታ ጠየቀ። ለካፒቴኑ ካፒቴን እንደሆነ የሚያስታውሰው፣ ለራሱ ግን ምንም ማዕረግ የሌለው ሰው ነው ዞሮ። ምክትል ካፒቴን ቢሆን ኖሮ ንግግሩ ትእዛዝ ይሆን ነበር። አሁን ግን የሚመዝነው በራሱ በቃሉ ብቻ ነው።

በዚህ ላይ የትርጉም ሰው ችግር አለብኝ። በአረብኛ ሰይፈኛን «ሰያፍ» ማለት ይቻላል፤ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ግን ይህ ቃል ሲነሳ ብዙ ሰው የሚያስበው የሞት ፍርድ የሚያስፈጽመውን ሰው ነው። «ሙባሪዝ» ካላችሁ አንድ ለአንድ የሚገጥም ተፋላሚ ይሆናል፤ ይሻላል፣ ግን ሰይፉ ይጠፋል። «ናኢብ» ካላችሁ ምክትል አድርጋችሁ ሾማችሁት፤ ደራሲው ያልሰጠውን ተርጓሚ ሰጠ ማለት ነው። በአማርኛ «ቀኝ እጅ» የሚለው አባባላችን ለእሱ የተሰፋ ይመስላል። ቀኝ እጅ ሹመት አይደለም፤ ደብዳቤም ደመወዝም የለውም፤ ግን ሲጠፋ ሁሉ ነገር ይቆማል። በብዙዎቻችሁ ውል ላይ የተጻፈው «የቤት ሠራተኛ» ነው። ልጅ የምታሳድጉት፣ አሮጊቷን የምታስታምሙት፣ ለእንግዳ የምታበስሉት እናንተ ናችሁ፤ ለእነዚህ ሥራዎች ወረቀቱ ላይ ስም የለም። ዞሮ ስሙን የተወው በፈቃዱ ነው፤ ልዩነቱ ትልቅ ነው።

አድናቂዎች ሁሉ የሚያወሩለት ገጽ ምዕራፍ 485 ላይ ነው። ሉፊ ከከባድ ውጊያ በኋላ ራሱን ስቶ ወድቋል። ኩማ የሚባል ግዙፍ የመንግሥት ሰው የሉፊን ጭንቅላት ሊወስድ መጥቷል። ዞሮ በእሱ ፈንታ የራሴን ውሰድ አለ። ሳንጂ እኔ ልሁን ብሎ ጣልቃ ሲገባ ዞሮ መትቶ ጣለው። ኩማ የሉፊን ሕመምና ድካም ሁሉ ከሰውነቱ አውጥቶ ለዞሮ ሰጠው። ሳንጂ ሲነቃ ዞሮ በደም ተነክሮ ቆሞ አገኘው፤ ምን ሆንክ ሲለው ምንም አልሆንኩም አለ። ነገሩን ያዩ ሁለት ሰዎች ሊያወሩ ሲነሱም ሳንጂ ዝም አሰኛቸው።

ውብ ገጽ ነው። እኔም ሳነበው አልቅሻለሁ። ቢሆንም ወጣቶች እንደ መመሪያ ሲጠቅሱት ደስ አይለኝም። ዞሮ ይህን ያደረገው በራሱ ምርጫ፣ በእኩልነት ለተቀበለው ጓደኛው ነው፤ ካጠገቡም ቾፐር የሚባል ሐኪም ነበረ። ጀርባዋ እየተሰበረ «ምንም አልሆንኩም» የምትል እህት ከጎኗ ቾፐር የላትም። ይህን ያልኩት መንገድ ስቼ አይደለም፤ ገጹ በስልክ ሲዞር ከሥሩ የሚጻፈውን ስላየሁ ነው።

ያልተፈታው ሁለተኛው ነገር ውጊያው ነው። ዞሮ በባሕር ላይ የወጣው የዓለም ታላቁ ሰይፈኛ ለመሆን ነው። ቦታውን የያዘው «የጭልፊት ዐይን» የሚባለው ሚሆክ ነው። በ1998 በወጡት ምዕራፎች ተገናኙ። ሚሆክ መጀመሪያ ትልቁን ሰይፉን ትቶ በአንገቱ ላይ ባንጠለጠላት ትንሽ ቢላዋ ገጠመው፤ በመጨረሻ ግን በትልቁ ሰይፉ አሸነፈው። ዞሮ ሁለት ሰይፉ ሲሰበር ዞሮ አልሸሸም፤ ጀርባ ላይ የሚገኝ ቁስል ለሰይፈኛ ውርደት ነው ብሎ ደረቱን ሰጠ። ከደረቱ እስከ ወገቡ የሚወርደው ጠባሳ ያ ነው። ከዚያ ወድቆ ሳለ ሰይፉን ወደ ሰማይ አንስቶ ከእንግዲህ እንደማይሸነፍ ለሉፊ ማለ። ሚሆክም አልገደለውም፤ እስክትደርስብኝ እጠብቅሃለሁ አለው። በኋላም ኩራቱን ውጦ ያንኑ ሰው አስተምረኝ ብሎ በግንባሩ ተደፋ፤ ሁለት ዓመት ተማረ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ሁለቱ ዳግም አልተጋጠሙም። ሚሆክ ለጭንቅላቱ 3.59 ቢሊዮን ቤሪ ተቆርጦበታል፤ ዞሮ 1.111 ቢሊዮን። በ2022 ሚሆክ ከቀልደኛው ባጊ ጋር በአንድ ድርጅት ሲገባ አንባቢ ሁሉ «አሁን ቀረበ» አለ። ዓመታት አልፈዋል።

የመሐላው ሥር ግን ሚሆክ አይደለም፤ ኩዊና ናት። ዞሮ ልጅ ሳለ ሰይፍ በተማረበት መንደር የመምህሩ ልጅ ነበረች። 2001 ጊዜ ገጠማት፤ 2001 ጊዜ አሸነፈችው። የመጨረሻው በእውነተኛ ሰይፍ ነበር። በዚያ ሌሊት አለቀሰች። አባቷ ሴት የዓለም አንደኛ ልትሆን አትችልም ብሏት ነበር፤ አንተ ወንድ በመሆንህ እቀናብሃለሁ አለችው። ዞሮ ተቆጣ፤ ሳሸንፍሽ ሴት ስለሆንሽ ነው ልትዪ ነው? አላት። ከሁለት አንዳችን አንደኛ እንሆናለን ብለው ቃል ተጋቡ። በማግስቱ ከደረጃ ወድቃ ሞተች። በጥርሱ የሚነክሰው ነጭ ሰይፍ የእሷ ነው።

እዚህ ላይ ኦዳን እከሰዋለሁ። ከሁለቱ የበረታችው ልጅ ከደረጃ ወድቃ ትሞታለች፤ የተሸነፈው ልጅ ሕልሟን ይዞ ይሄዳል። ሴት ልጅ እስከ መጨረሻ ብትሄድ ምን ትሆን ነበር የሚለው ጥያቄ ሳይመለስ ቀረ። ደራሲው ራሱም የረሳው አይመስልም፤ ሎግታውን በምትባል ከተማ ታሺጊ የተባለች የባሕር ኃይል ሰይፈኛ አመጣ። መልኳ ቁርጥ ኩዊናን ነው። ዞሮ ሲያያት ይደነግጣል፣ ይሸሻታል። እሷም ሳይገድላት ሲያልፍ ሴት ስለሆንኩ ናቅኸኝ ብላ ትቆጣለች። ይኸው ከሃያ ዓመት በላይ ሆነ፤ በሁለቱ መካከል ያለው ነገር እዚያው ነው። እኔ ከሚሆክ ውጊያ ይልቅ የምጠብቀው ይህን ነው። ሚሆክን ማሸነፉ አይቀርም፤ ይህን ልጁም ያውቃል። ለታሺጊ ምን እንደሚላት ግን ማንም አያውቅም።

ትንንሽ ጥያቄዎችም አሉ። በ2010 ከሁለት ዓመት ልምምድ ሲመለስ ግራ ዐይኑ በጠባሳ ተዘግቶ መጣ። ማን እንደመታው፣ ዐይኑ ጠፍቶ ይሁን ብቻ ተዘግቶ፣ እስካሁን አልተነገረም። የሚሆክ ዝንጀሮዎች ናቸው የሚል አለ፤ ልምምድ ነው የሚል አለ፤ አንድ ቀን ይገልጠዋል የሚሉም ብዙ ናቸው። ኦዳ በ2022 ታሪኩ የመጨረሻ ምዕራፉ ውስጥ መግባቱን ስላሳወቀ ሁሉም ቆጠራ ላይ ነው።

የቤቱ ልጅ ምግብ አልበላም ብሎ ካስቸገረ፣ «ዞሮ ዐይኑን ምን ሆነ?» ብላችሁ ጠይቁት። ሳህኑ ባዶ እስኪሆን ያወራል፤ በፉስሃ።